ሰባት ቡችላ፣ አምስቱ ሴት

ውሻዬ ዳማ የወለደችው ሐምሌ 10 ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሯል። ጠዋት ሳህኗን ይዤ ብጠራት አልመጣችም። ከሮቶው ጀርባ፣ አሮጌ ቆርቆሮ የተደገፈበት ጥግ ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ አይጥ የሚያካክሉ ሰባት ነገሮች ሆዷ ላይ ተለጥፈዋል። አንዱ ጥቁር፣ ሁለቱ ቡራቡሬ፣ አራቱ እንደ እናታቸው ዳማ። የቀለማቸው መለያየት አይግረማችሁ። አንዲት ውሻ በአንድ እርግዝና ከተለያዩ አባቶች ልትወልድ ትችላለች። የሰፈራችን ውሾች ሁሉ ለሳምንት በራችን ላይ ሲያድሩ ስለነበር ማንን እንደምጠረጥር አላውቅም።

ወሬው ሰፈሩን ለማዳረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። የሚመጣው ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። «ወንድ አለ?» ሁለት ወንዶች አሉ። በዚያው ቀን ሁለቱም ተያዙ። አምስቱ ሴቶች ግን ጠያቂ አልነበራቸውም። አንድ ጎረቤቴ፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ጠጋ ብሎ «ሴቶቹን ዓይናቸው ሳይገለጥ በማዳበሪያ አድርገህ ወንዝ ብትወስዳቸው ይሻልሃል፤ ኋላ ትቸገራለህ» አለኝ።

ምክሩን አልተቀበልኩም። «ትቸገራለህ» ያለው ግን ልክ ነበር። ቡችላ ማሳደግ እንደሚፈራው አይደለም፤ የመጀመሪያውን ወር ሥራ አብዛኛውን እናቲቱ ትሠራዋለች። ከባዱ ሴቶቹን የት እንደምታደርሷቸው ነው። ያ ደግሞ ሁለት ወር ሲሞላቸው ሳይሆን በተወለዱበት ቀን መታሰብ አለበት። ስለዚህ ውሻችሁ ስትወልድ መጀመሪያ ሴቶቹን ቁጠሩ። ከዚያ ወደ ሙቀቱ ሂዱ።

ከረሃብ በፊት ብርድ ይገድላል

አዲስ የተወለደ ቡችላ አያይም፣ አይሰማም፣ አይሄድም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሰውነቱን ማሞቅ አይችልም። እኛ ሲበርደን እንንቀጠቀጣለን፤ እሱ በመጀመሪያው ሳምንት ያንን እንኳን አያውቅበትም። ሙቀቱን የሚያገኘው ከእናቱና ከወንድሞቹ ገላ ነው። ለዚህ ነው ተደራርበው የሚተኙት።

በመጀመሪያው ሳምንት የሚተኙበት ቦታ ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሞቅ ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ሊቀንስ ይችላል። የአዲስ አበባን የክረምት ሌሊት ለሚያውቅ ይሄ ብዙ ነው። እኔ ያደረግኩት ቀላል ነው። ትልቅ ካርቶን ፈለግኩ፣ ታችኛውን በጋዜጣና በአሮጌ ብርድ ልብስ አነጠፍኩ፣ በረንዳ ላይ ነፋስ የማይደርስበት ጥግ አስቀመጥኩት። ሁለት ሃይላንድ ሙቅ ውኃ ሞልቼ በጨርቅ ጠቀለልኩና በአንዱ ጎን ብቻ አስቀመጥኩ። በአንዱ ጎን ብቻ ያልኩት በምክንያት ነው። ቡችላው ሲሞቀው ወደሌላው ጎን መሸሽ መቻል አለበት። መብራት ቢጠፋም የሃይላንዱ ዘዴ ይሠራል፤ በየሦስት አራት ሰዓቱ ውኃውን መቀየር ብቻ ነው።

ከሰል ግን በፍጹም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ ሰውን እንደሚገድል ሁሉ ቡችላንም ይገድላል። የሚገድለው ጋዝ ሽታ ስለሌለው ጭሱ ባይታይም ያው ነው።

መሞቅ አለመሞቃቸውን ለማወቅ ቴርሞሜትር የግድ አይደለም። በርዷቸው ከሆነ ክምር ሆነው ያለቅሳሉ። ሞቋቸው ከሆነ ተራርቀው ተዘርግተው ያለከልካሉ። ተመችቷቸው ከሆነ ጎን ለጎን ተኝተው አልፎ አልፎ ይወራጫሉ፤ ሕልም የሚያዩ ይመስላሉ። ከሌሎቹ ተለይቶ ጥግ ላይ ብቻውን የቀረ፣ ስትነኩት የሚቀዘቅዝ ካለ፣ አደጋ ላይ ያለው እሱ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ደካማውን አንስቶ መጀመሪያ ወተት ይሰጠዋል። የቀዘቀዘ ቡችላ አንጀቱ አይፈጭም። መጀመሪያ ሙቀት፣ ቀጥሎ ምግብ። ደረታችሁ ላይ በልብሳችሁ ውስጥ አድርጋችሁ አንድ ሰዓት ያህል ቀስ ብላችሁ አሙቁት። ሲነቃቃና አፉን ሲያንቀሳቅስ ያኔ ጡት ላይ አድርጉት።

እንገር፣ ሚዛን፣ የክር ምልክት

የላም እንገር ጥቅም ለገበሬ አይነገርም። የውሻም እንደዚያው ነው። የመጀመሪያው ወተት እናቲቱ ያካበተችውን የበሽታ መከላከያ ይዟል። የቡችላው አንጀት ይህን መከላከያ ወደ ደም የሚያሳልፈው በመጀመሪያው አንድ ቀን ውስጥ ነው፤ ከዚያ በሩ ይዘጋል። ስለዚህ በተወለዱበት ቀን ዋናው ሥራችሁ እያንዳንዱ መጥባቱን ማየት ነው። ጉልበተኞቹ ጥሩ ወተት ያለባቸውን የኋላ ጡቶች ይይዛሉ። ትንሿን እዚያ አስገቧት፤ ጉልበተኛውን ለጥቂት ደቂቃ አንሱት። አድልዎ አይደለም።

ከዚያ በኋላ የሚያስፈልጋችሁ የኩሽና ሚዛን ነው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መዝኗቸው፣ ጻፉት። ጤነኛ ቡችላ በየቀኑ ይጨምራል፤ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ የተወለደበትን ክብደት እጥፍ ይሆናል። አንድ ቀን ካልጨመረ አስተውሉ። ሁለት ቀን ከቆመ ወይም ከቀነሰ ለሐኪም ደውሉ። ሚዛኑ ከዓይናችሁ በፊት ያያል። እኔ አራቱን ዳማዎች መለየት ስላቃተኝ የተለያየ ቀለም ያለው የጥፍር ቀለም የፊት እግራቸው ጥፍር ላይ ቀባሁ። አንገታቸው ላይ ክር የሚያስሩ አሉ። ክር ካሰራችሁ በየቀኑ ፈትታችሁ አስሩት፤ ቡችላ በሳምንት ውስጥ ክሩ እስኪያንቀው ያድጋል።

እናቲቱ ከሞተች ወይም ወተት ከሌላት ሥራው ሁሉ ወደእናንተ ይዞራል። ያኔ የመጀመሪያው ሐሳብ የላም ወተት ነው። አይሆንም። የውሻ ወተት በስብም በፕሮቲንም የላም ወተትን ሁለት እጥፍ ያህላል። የወተት ስኳሩ ደግሞ ያነሰ ነው። ቡችላው ሆዱ እስኪነፋ የላም ወተት ጠጥቶ በተቅማጥ ይደክማል። በአካባቢው ሌላ የምታጠባ ውሻ ካለች ከሁሉ የተሻለች እሷ ናት፤ ብዙ ጊዜ ትቀበላለች። ለቡችላ የተዘጋጀ የዱቄት ወተት በትልልቅ ከተሞች አንዳንድ የእንስሳት መድኃኒት ቤቶች ይገኛል። እስኪገኝ ድረስ ለአንድ ሁለት ቀን መሻገሪያ የሚሆን ነገር አለ። አንድ ብርጭቆ ያልቀጠነ ወተት፣ የ3 እንቁላል አስኳል ብቻ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ በደንብ ተመትቶ ለብ ያለ። መሻገሪያ ነው፤ ማሳደጊያ አይደለም።

አሰጣጡ ከወተቱ እኩል ነው። ሕፃን እንደምናጠባው በጀርባው አስተኝታችሁ አትስጡት። ወተቱ ሳንባው ይገባና ሊገድለው ይችላል። በሆዱ አስተኙት፣ አንገቱ ትንሽ ቀና ይበል፣ እናቱን እንደሚጠባ። በጡጦ ወይም መርፌው በወጣለት ሲሪንጅ ጠብ እያደረጋችሁ ስጡት። በመጀመሪያው ሳምንት በየ2 እና 3 ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር። አዎ፣ ሌሊትም። ሌላ ሰው የማይነግራችሁ ነገር ደግሞ አለ። ትንሽ ቡችላ ራሱን ችሎ አይሸናም። እናቱ እየላሰች ነው የምታሸናው። እናት ከሌለች ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ ለብ ባለ ውኃ በነከራችሁት ጥጥ ከሆዱ በታች ቀስ አድርጋችሁ አሹት። እስከ 3 ሳምንት ድረስ።

የአራስ ወግ

ዳማ በወለደች በሦስተኛው ቀን አንዲት እናት ከጎረቤት አጥሚት በጆግ ይዘው መጡ። «አራስ አይደለች?» አሉ። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። ዳማም አላሳፈረቻቸውም፣ ጆጉን ጨረሰችው።

ልክ ነበሩ። የምታጠባ ውሻ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ከወትሮው ከ2 እስከ 3 እጥፍ ምግብ ትፈልጋለች። ውኃ ደግሞ ሁልጊዜ። የእኔ ዳማ በትክክል በዚያ ሳምንት ፍልሰታ ገባባት። ቤት ውስጥ ሥጋ የለም፣ የሰፈሩ ልኳንዳም ዘጋ። ጾም የሰው ነው፤ የምታጠባ ውሻን አይመለከትም። እንቁላል መግዛት ጀመርኩ። ባለሱቁ በጾሙ እንቁላል ስገዛ እያየ ምንም አይለኝም፣ ግን ያየኛል። በአራተኛው ቀን «ለውሻዬ ነው» አልኩት። ያመነኝ አይመስለኝም። የተቀቀለ እንቁላል፣ የተቀቀለ ምስር ያለ ቅመም፣ ሩዝ፣ የገብስ ገንፎ። በዚህ ተሻገርን።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ውሻችሁ መንቀጥቀጥ፣ እግሮቿ መገተር፣ ያለምክንያት በኃይል ማለክለክ ከጀመረች ብርድ አይደለም፣ ቡዳም አይደለም። ካልሲየሟ ወርዶ ነው። በተለይ ትንንሽ ዝርያዎችን ያጠቃል፣ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ቡችሎቹን ለይታችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ። ሁለተኛው፣ ጡቷ አንዱ ጠንክሮ፣ ቀልቶ፣ ሲነካ የሚያማት ከሆነ ቁስለት ይዞታል። እሱም ሐኪም ይፈልጋል።

የተነፋው ሆድ፣ ቁንጫው፣ ሳምባው

«እንዴት ያምራሉ፣ ሆዳቸው ድቡልቡል ብሏል!» ይላል ሰው። ሦስት ሳምንት የሞላው ቡችላ ጎኑ ቀጥኖ ሆዱ ብቻ ከተነፋ ጥጋብ ሳይሆን ትል ነው። የውሻ ወስፋት ገና በማህፀን ሳሉ፣ ከዚያም በወተት ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ስለዚህ ንጹሕ ቤት የተወለደ ቡችላም አለበት። የትል መድኃኒት በ2፣ በ4፣ በ6 እና በ8 ሳምንታቸው ይሰጣል፤ እናቲቱም አብራ ትወስዳለች። መጠኑ በክብደት ነው። ለበግ የተገዛውን በግምት ቆርሶ መስጠት ብዙ ቡችላ ገድሏል። ይህ የልጆቻችሁም ጉዳይ ነው። የወስፋቱ እንቁላል አፈር ላይ ቆይቶ በእጅ ወደ ሕፃን አፍ ሲገባ ጉበትንና ዓይንን ሊጎዳ ይችላል። ዓይነ ምድራቸውን በየቀኑ አንሱ፣ የልጆቹን እጅ አስታጥቡ።

ቁንጫ ሲበዛ ትንሽ ቡችላን ደሙን መጥጦ ይጨርሰዋል። ድዱን ገልጣችሁ እዩ። ሮዝ መሆን ሲገባው ከነጣ ደም አጥቷል። መፍትሔው ግን ለከብት የሚረጭ የመዥገር መድኃኒት ወይም የቤት የበረሮ መርጫ አይደለም። በለብ ውኃና በለስላሳ ሳሙና አጥባችሁ ወዲያው አድርቁት፣ የቀረውን በጥቅጥቅ ማበጠሪያ ልቀሙ። አንሶላውን በየሁለት ቀኑ በፈላ ውኃ እጠቡ፤ ቁንጫው የሚራባው እዚያ ነው።

አሁን ወደ ሳምባ። ውሻ ያለው የአገሬ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ርካሽ ናት፣ ልኳንዳው በፌስታል ያዘጋጅላችኋል። ቡችሎች ጡት ሲጥሉ የመጀመሪያ ሥጋቸውም ብዙ ጊዜ እሷ ናት። ችግሩ ጥሬዋ ላይ ነው። በጎችና ከብቶች ሳምባና ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ ነጭ እብጠት አይታችሁ ይሆናል። እሱ የአንድ የኮሶ ትል ዘመድ እጭ ነው። ውሻ ጥሬውን ሲበላ እጩ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል። እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ወደ ሰው ሲገባ በእኛ ጉበትና ሳምባ ላይ ያንኑ እብጠት ይሠራል፤ ዓመታት ቆይቶ በኦፕሬሽን የሚወጣ። በበግ ጭንቅላት ውስጥ ያለውን ጥሬ አንጎል የበላ ውሻ ደግሞ ገበሬው አዙሪት የሚለውን የበግ በሽታ መልሶ ለበጉ ይሰጠዋል። መላው አንድ ነው። በደንብ ቀቅሉ። በበዓል እርድ ጊዜ የተጣለውን ውሻ እንዳያነሳው ቅበሩ።

ወጥም እንዲሁ በነጻ አይታለፍም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። የእኛ ወጥ ደግሞ ሽንኩርት ነው። አንድ ቀን የቀመሰ ውሻ አይሞትም፤ በየቀኑ የወጥ ፍትፍት የሚበላ ትንሽ ቡችላ ግን ይጎዳል። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ይሰነጠቅና አንጀት ይበሳል።

ምግብ የሚጀመረው ከ3 እስከ 4 ሳምንት ላይ ነው፤ የለሰለሰ ሩዝ ወይም ገንፎ፣ የደቀቀ ሥጋ ወይም እንቁላል፣ በሰፊ ዝርግ ሳህን። መጀመሪያ ይራመዱበታል፣ ይተኙበታል፣ ኋላ ይበሉታል።

ጎንበስ ስትሉ የማይሸሽ ውሻ

አዲስ አበባ መንገድ ላይ ጎንበስ በሉ፤ በአቅራቢያው ያለ ውሻ ይሮጣል። ድንጋይ ልታነሱ መስሎት ነው። ያንን የተማረው በልጅነቱ ነው።

ዓይናቸው ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ ይገለጣል፣ ጆሯቸው ጥቂት ቀናት ዘግይቶ ይከፈታል። ከ3ኛው ሳምንት እስከ 12ኛው፣ ቢበዛ 14ኛው ድረስ ያለው ጊዜ የውሻው ጠባይ የሚሠራበት ነው። በዚህ ጊዜ በሰላም ያገኘውን ነገር ዕድሜውን ሁሉ አይፈራውም። ያላየውን ይፈራል፤ የሚፈራ ውሻ ደግሞ ይናከሳል። ስለዚህ የሙቀጫውን ድምፅ ይስሙ። ባጃጅ፣ ጃንጥላ፣ ነጠላ የለበሰ ሰው፣ ሕፃን፣ በዱላ የሚሄድ ሽማግሌ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ። የእኔ ቡችሎች ኪዳን ሲጀመር አብረው ያላዝኑ ነበር፤ በ6ኛው ሳምንት ተዉት።

ብዙ ሰው ቡችላን በወሩ ይወስዳል። «ቶሎ ቤት ይለምዳል» ይባላል። እኔ ከ8 ሳምንት በፊት አንድም አልሰጥም አልኩ፤ በዚህ ተጣልቻለሁም። በ5ኛውና በ7ኛው ሳምንት መካከል ቡችሎች እርስ በርስ ሲናከሱ ነው ጥርሳቸው ምን ያህል እንደሚያም የሚማሩት። አንዱ ከመጠን በላይ ሲነክስ ወንድሙ ጮሆ ይተወዋል፤ ጨዋታው ይቋረጥበታል። ይህንን ትምህርት ያልጨረሰ ውሻ በኋላ ልጃችሁን ሲያጫውት የጥርሱን ልክ አያውቅም።

ኃይለኛ እንዲሆን ጆሮውን መቁረጥ፣ ሚጥሚጣ ማብላት፣ ጨለማ ቤት መዝጋት የሚሉትን ደግሞ እሰማለሁ። ከዚህ የሚወጣው ጠባቂ ሳይሆን እንግዳውንም ባለቤቱንም የማይለይ ፈሪ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ? ለመጮኽ መብላት ብቻ ይበቃዋል።

ክትባት ላይ አትደራደሩ

ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ለውሻው ነው። ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ ያስታውካል፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል፣ ቡችላን በቀናት ይገድላል። አፈር ውስጥ ወራት ይቆያል። ባለፈው ዓመት ቡችላ ሞቶበት የነበረ ግቢ ዘንድሮም ይገድላል፤ ሲሚንቶውን በበረኪና ማጠብ ይረዳል። ዲስቴምፐርም አለ፤ በአፍንጫ ፈሳሽና በሳል ይጀምርና ኋላ ያንቀጠቅጣል። ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ላይ ይጀመራል፣ በየ3 እና 4 ሳምንቱ እስከ 16 ሳምንት ይደገማል። ለምን ይደገማል? ከእንገሩ ያገኘው መከላከያ ክትባቱን ራሱን ያከሽፈዋል፤ መቼ እንደሚያልቅ ደግሞ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል። እስኪጨርስ መንገድ ላይ አታስረግጡት፤ አቅፋችሁ ግን አውጡት።

ሁለተኛው ለእኛ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በዓመት 59,000 ገደማ ሰው ይገድላል፣ የሚሞቱትም በብዛት በእስያና በአፍሪካ ነው። ከ10 ተጠቂ 4ቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም። ቡችላ ስለሆነ አያብድም የሚባለው ውሸት ነው። ቡችላ ያብዳል፤ ልጆችም በጨዋታ ነከሰኝ ብለው አይናገሩም። ክትባቱ አብዛኛውን ጊዜ በ12 ሳምንት ይሰጣል፣ በዓመቱ ይደገማል። ያልታወቀ ውሻ ወይም ቡችላ የነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠብ፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ። ጠበል መሄድ የሚፈልግ ይሂድ፣ ክትባቱን ግን ቀድሞ ይውሰድ።

መርዝ አይፈታውም። ውሾችን መርዞ መጨረስ በከተሞቻችን የቆየ ልማድ ነው። የሞቱትን ቦታ ያልተከተቡ ቡችሎች ይተኩታል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው ሲከተቡ በሽታው ይቆማል ነው። ከከተማ ወጥቶ ገጠር የሚጣለው ቡችላም ጠፍቶ አይቀርም። በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮዎችን በተደጋጋሚ የጨረሰው የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር ከውሾች የተሻገረ ነው።

«የበፊቱ ውሻችሁ ምን ሆነ?»

ሰው መፈለግ የጀመርኩት በ4ኛው ሳምንት ነው። ለመንገድ ዳር ሻጭ መስጠት ቀላሉ ነበር። በካርቶን ይዞ ፀሐይ ላይ ይቆማል፣ ለማን እንደሸጠው አታውቁም። ስለዚህ በየቢሮው፣ በዕድሩ፣ በቴሌግራም ወሬ ነዛሁ።

ለሚመጣው ሁሉ የምጠይቀው ብዙ ነገር ነበር። ከሁሉ የጠቀመኝ ግን አንዱ ነው። «የበፊቱ ውሻችሁ ምን ሆነ?» «አርጅቶ ሞተ» ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለእሱ ዓይኔን ሳላሽ ሰጠሁ። «መኪና ገጨው» ያለኝን፣ «ከዚያ በፊት የነበረውስ?» አልኩት። እሱንም መኪና ገጭቶታል። አጥር የላቸውም። ተከራይ ከሆነ አከራዩ ፈቅዷል ወይ ብላችሁ አከራዩን ራሱን ጠይቁ። ለልጅ የልደት ስጦታ የሚፈልገውን ደግሞ፣ ሌሊት ሲያለቅስ የሚነሳው ማን እንደሆነ። ቀን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ሊያስር ላሰበ አልሰጥም።

«ወንድም ሴትም ስጠኝ፣ እንዳይደብራቸው» የሚል ደግ ሰው ይመጣል። አትስጡ። ወንድምና እህት መሆናቸው አይገታቸውም። ሴቷ ከ6 ወር ጀምሮ ልታረግዝ ትችላለች፤ በዓመቷ የእናንተን ችግር እዚያ ቤት ታገኙታላችሁ።

ወንዶቹን የያዙት ሰዎች ጋ አንድ ሐሳብ ይዤ ሄድኩ። «ሴት ብትወስድ እኔ በገንዘቤ አስመክናታለሁ።» አንደኛው ሳቀ። ሁለተኛው አሰበበት። ሴትን የማይወስዱት ሴት ስለሆነች አይደለም። በዓመት ሁለቴ የሰፈር ውሻ በራቸው ላይ እንዳይሰበሰብና እነሱም ማዳበሪያ ፍለጋ እንዳይሄዱ ነው። ያንን ጭንቀት ስታነሱላቸው ሴቷም ውሻ ትሆናለች፤ ትጮኻለች፣ ትጠብቃለች፣ ቤቷን ጥላም ብዙ አትዞርም። በዚህ መንገድ አራቱ ሴቶች ቤት አገኙ። የማምከኑ ወጪ ተራ አይደለም። ከሁለት ተቀባዮች ጋር ተካፈልን። የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ያለባቸው እንደ ቢሾፍቱና ጎንደር ያሉ ከተሞች የምትኖሩ፣ እዚያ ጠይቁ።

ስምንት ሳምንታቸው የሞላው ለእንቁጣጣሽ ነበር። በዓሉ ዕለት አልሰጠሁም፤ ቤቱ በእንግዳ ሲሞላ አዲስ ቡችላ ይደነግጣል። ከማግስቱ ጀምሮ በየተራ ሰጠሁ። አብሯቸው የሄደው ከእናታቸው ሥር የተኙበት ቁራጭ ጨርቅ፣ የሦስት ቀን ምግብና አንዲት ወረቀት ነው። ወረቀቷ ላይ የትል መድኃኒቱ ቀኖች፣ የመጀመሪያው ክትባት፣ የቀጣዩ ቀጠሮ፣ «መስከረም 29፦ የእብድ ውሻ ክትባት» የሚል፣ ሥሩም ስልኬ። ስልኬን የጻፍኩት ማንም ማቆየት ካልቻለ መንገድ ላይ ከሚለቃት ወደ እኔ እንዲመልሳት ነው። አንዷ በአሥረኛው ቀን ተመለሰች። ልጁ አስም ነበረበት። ሌላ ሳምንት ፈጅቶ ሌላ ቤት አገኘች።

አምስተኛዋ ቀረች። ጥቁሯ ናት። ጥቁር ውሻ ደግሞ ሴት ከሆነች ማንም አይጠይቃትም። ከእናቷ ጋር ሮቶው ሥር ትተኛለች። ዳማን ጡቷ ሲደርቅ ወስጄ አስመከንኳት፤ ለአሥር ቀን ቁስሏን እንዳትልስ አንገቷ ላይ የተቆረጠ ባልዲ አስረን ግቢውን ስታተራምስ ከረመች። ጥቁሯ ስድስት ወር ሲሞላት ተራዋ ይደርሳል።

በቀደም ያ የማዳበሪያው ጎረቤቴ በር ላይ ቆሞ «ዳማ ደግሞ መቼ ነው የምትወልደው? አሁን እንኳን ወንድ አስቀምጥልኝ» አለኝ።

«አትወልድም፣ አስመክኛታለሁ።»

«ታዲያ ከዚህ በኋላ ምን ትጠቅምሃለች?»

ዳማ በአጥሩ ቀዳዳ አፍንጫዋን አውጥታ እየጮኸችበት ስለነበር ሁለቴ ነው ያስደገምኩት።